ጢም ለጥፌ የጮኽሁ ዕለት

ፈቀዱልኝ!

ዛሬ ጠዋት፣ ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ፣ ዲሬክተራችን ቢሯቸው አስጠሩኝ። ምን አጥፍቼ ይሆን እያልሁ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ በሩ ላይ ቆምሁ። መነጽራቸውን አወለቁና፣ "አንቺ ልጅ፣ የጻፍሽውን ቴአትር አነበብሁት። ደግሜም አነበብሁት። በወላጆች ቀን ይታያል" አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ ማለቴን እንጃ። ብቻ ከቢሮው ወጥቼ በሜዳው ላይ እንደ ጥጃ ስቦርቅ፣ ትንንሾቹ ልጆች "ይችን ምን ነካት?" እያሉ ያዩኝ ነበር። ዓምና ድርሰት ጻፊ ስባል "ላም የቤት እንስሳ ናት" ብዬ የማቆም ልጅ፣ እኔ ይታይሽ፣ የራሴ ቴአትር ሊታይልኝ ነው!

ሌላም የምሥራች አለኝ። እሱን ግን መጨረሻ ላይ ነው የምነግራችሁ። ከፊቱ ያለውን ሳትሰሙ ብነግራችሁ ጣዕሙ አይገባችሁም። ከፊቱ ያለው ደግሞ የሚያስቅ አይደለም። ሞጣ ሙሉ ሰው ግን ስቆበታል።

ነገሩ የሆነው ዓምና፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ መልኬ እንደ ነገሩ፣ ትምህርቴም እንደ ነገሩ ነበር፤ ድምፄን ግን "ዓባይ ማዶ ይሰማል" ይሉልኝ ነበር። የአማርኛ መምህራችን መምህር ጌታሁን ለቴአትር ክበብ የመረጡኝም ለዚሁ ድምፄ ነው። መምህር ጌታሁን ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣት ናቸው፤ ሲኒማ አይጠግቡም። አንድ ቀን፣ "በትልቅ መደብር ውስጥ የሚሆን አስቂኝ የፍቅር ቴአትር እንሥራ" አሉን። መደብሩ ምን እንደሚመስል ሲያስረዱን እጃቸውን ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ እያነሡ፣ "ታች ሽቶ ይሸጣል። ከሱ በላይ ጫማ። ከሱ በላይ ጨርቅ። ከሱ በላይ አልጋና ወንበር" ሲሉ፣

"ጋሼ፣ በርበሬስ ስንተኛው ፎቅ ላይ ነው?" ብላ አንጓች ክፍሉን በሳቅ ገደለችው።

አንጓች አብራኝ አንድ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ጓደኛዬ ናት። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች፤ ሳቋ ግን በነጠላው አልፎ ይወጣል። በዚያው ሰሞን ከቢቸና ወጣ ካለ ቀበሌ አንድ ሰው ሽማግሌ ልኮባት፣ አባቷ "ልጄ ትምህርቷን ትጨርስ" ብለው መልሰውታል። የሰውዬውን ስም አልጽፈውም። ስሙ በዚህ በትምህርት ቤታችን ጋዜጣ ላይ እንዲወጣለት አልፈልግም።

መምህር ጌታሁን እንደነገሩን፣ የእንዲህ ያለ ቴአትር ሰዎች ጥንትም የታወቁ ናቸው፤ ተሰፍቶ እንደተሰቀለ ልብስ ይጠብቃሉ፣ ተዋናዩ መጥቶ ይለብሳቸዋል። ድሃዋና ምላሰኛዋ ሻጭ አለች፤ አንጓች ሆነች። ሀብቱን ደብቆ በአባቱ መደብር ተላላኪ ሆኖ የሚሠራ የጌታ ልጅ አለ፤ ደሳለኝ ሆነ። ያየውን ሁሉ መግዛት የሚችል የሚመስለው ቦርጫም ሀብታም አለ፤ ሙላት ሆዱ ላይ ትራስ አሥሮ እሱን ሆነ። ጢማሙ ተቆጣጣሪ ደግሞ አለ፤ ጥላ ባየ ቁጥር "ሌባ! ሌባ!" እያለ የሚጮኽ። እሱ እኔ ነኝ። ከጥቁር በግ ጠጉር ጢም ሠርተው በሙጫ ለጠፉልኝ።

"ስሚ ይታይሽ" አሉኝ መምህር፤ "ተቆጣጣሪው ሲጮኽ ማንም አያምነውም። የዚህ ቴአትር ሕጉ ነው። ባላመኑት መጠን ይጮኻል፣ በጮኸ መጠን ይሳቅበታል።"

"ልጅቷስ ጋሼ? ምንም አትሆን?" አለቻቸው አንጓች።

"በእንዲህ ያለ ቴአትር ማንም አይጎዳም። መጨረሻ ላይ ሁሉም አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፣ የተደበቀው ይገለጣል፣ ልጅቷም የወደደችውን ትመርጣለች።"

ሰው ከሁሉ በላይ የሚስቀው እዚህ ላይ ነበር፤ ቦርጫሙ ሀብታም ፊቱን በጋቢ ተከናንቦ ይገባና፣ "እዚህ ቤት ያለው ሁሉ የሚሸጥ ከሆነ ይችንም ጠቅልሉልኝ!" ይላል። አንጓችን በጨርቅ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መውጣት ሲጀምር፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ ወጥቼ፣ "ሌባ! ያዙት! ዕቃዬን ወሰደው!" እላለሁ። የምጮኸው ለልጅቷ አይደለም፣ ለጨርቁ ነው። ከዚያ የጌታው ልጅ በሩ ላይ ጠብቆ ያስጥላታል። ቢቸና ላይ ስናሳየው አሮጊቶች ሳይቀሩ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ወሬው ሞጣ ደረሰና የሞጣ ትምህርት ቤት ጋበዘን።

በእህል ጭነት መኪና፣ በጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሄድን። መንገዱን ሙሉ አንጓች መኪናውን መደብር አድርጋ ስትሸጥልን ዋለች፤ "ጌታዬ፣ ይህን አቧራ ይግዙኝ፤ ከቢቸና የመጣ ነው፣ አይለቅም!" እያለች።

ሞጣ ላይ የመደብሩን ዕቃ ያዋሱን ጋሽ ኢብራሂም የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። "ልጆቼ፣ አታቆሽሹብኝ እንጂ ሱቁንም ውሰዱት" ብለው መስተዋት፣ ጫማ፣ ባለ አበባ ጨርቅ ሰጡን። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ገበያው ሲላላ ሕዝቡ ወደ ትምህርት ቤቱ ጎረፈ። መድረካችን የክፍሎቹ በረንዳ ነው። ከኋላው ባሕር ዛፍ አለ፣ ከባሕር ዛፉ ማዶ ሜዳ። ጋሽ ኢብራሂም ፊት ለፊት ተቀመጡ።

ቴአትሩ ማር ሆነ። ገና ጢሜን ሲያዩ ሳቁ። አንድ ገበሬ ከኋላ፣ "ይህ ሰውዬ የኛን ጭቃ ሹም አይመስልም?" ሲል ባሰባቸው። አንጓች ለማትገዛ ደንበኛ ሰባት ጫማ አስለክታ ስታበቃ ጨርቁን ለማጠፍ ጀርባዋን አዞረች። እኔ ጥጌን ይዤ ሙላት እስኪገባ እጠብቃለሁ።

ፊቱን በጋቢ የተከናነበ ሰው ገባ።

የገባው ግን ሙላት በሚገባበት በፊት በኩል አይደለም፣ ከኋላ ነው። ደግሞም ቃሉን አልተናገረም። ባለ አበባውን ጨርቅ ከእጇ ነጠቀና ከራሷ ጀምሮ ጠቀለላት። መስተዋቱን ረግጦ ሰበረው። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሰውዬው ሲያነሣት መዳፉ በጨርቁ ላይ አፏን አፍኖ እንደያዘ አየሁ። ሆዱ ላይ ትራስ የለም።

ጠረጴዛው ላይ ዘለልሁ። "ያዙት!" አልሁ። "ያዙት! ወሰዳት!"

ሳቁ።

"እውነት ነው! ቴአትር አይደለም! በእመቤታችን! ሰዎች፣ ወሰዳት!"

እናንተዬ፣ ሳቃቸውን ብትሰሙት። ሰው በሰው ላይ እየተደገፈ፣ ጭኑን እየመታ። አንዷ ሴት "ኧረ በሞትሁት፣ ይህ ጢማም ሊገለኝ ነው!" አለች። በጮኽሁ መጠን ሳቁብኝ። ከኋላችን ሌሎች ሁለት ሰዎች በቅሎ ይዘው ባሕር ዛፉ ውስጥ ቆመው ኖሯል። አንጓችን ሲቀባበሏት አየሁ። ደሳለኝ በፊት በኩል፣ በሩ በሚባለው ቦታ፣ የወረቀት አበባውን ይዞ ልጅቷን ሊያስጥል ይጠብቃል። ማንም በዚያ አልመጣለትም።

ያን ጊዜ ሙላት ገባ። ሆዱን በትራስ ነፍቶ፣ ፊቱን በጋቢ ተከናንቦ፣ ድምፁን አጎርንኖ፣ "እዚህ ቤት ያለው ሁሉ የሚሸጥ ከሆነ..." ብሎ ቀጥ አለ። ሁለተኛ ጋቢ የተከናነበ ሰው ሲያዩ ሰዎቹ ከቅድሙ የባሰ ሳቁ። ሙላት ጠረጴዛውን አየ። የተሰበረውን መስተዋት አየ። እኔን አየኝ። ጋቢውን ከፊቱ አውርዶ እንደ ትንሽ ልጅ፣

"ይታይሽ፣ አንጓች የት ሄደች?" አለኝ።

ሳቁ ከፊት ረድፍ ጀምሮ ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ። ጋሽ ኢብራሂም ብድግ ብለው፣ "ያ አላህ፣ ልጅቷን!" አሉ። የሮጡት ሮጡ፤ ሜዳው ላይ ግን አቧራ ብቻ ነበር።

ከመምህር ጌታሁን ጋር ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ያየሁት እኔ ስለሆንሁ የተናገርሁትም እኔ ነኝ፤ ጠላፊው ያ ሽማግሌ ልኮ የተመለሰው ሰው ሊሆን እንደሚችል ሳይቀር ለፖሊሱ ነገርሁት። ፖሊሱ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀ። ከዚያ ከንፈሩን ነክሶ፣ "እሺ ጌታው። መጀመሪያ ጢምዎን ያውልቁና ያናግሩኝ" አለኝ። ጢሜን ረስቼው ነበር። ለመንቀል ብታገል ሙጫው ቆዳዬን ይዞ እምቢ አለ፤ እሱ ደግሞ ሳቁን መያዝ አቃተው። በኋላ አዘነልኝ መሰለኝ፣ "ልጄ፣ ጠለፋ ከሆነ አገር የሚያውቀው ነገር ነው፣ በሽማግሌ ያልቃል። ነገ ደግሞ እሑድ ነው" አለ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የመጣች አንዲት ሴት ልጅቷ የገባችበትን ቀበሌ ለጋሽ ኢብራሂም ነገረቻቸው። የጠላፊው ዘመዶች አገር ነው፣ ከሜዳው ማዶ ቁልቁል። መምህርና ጋሽ ኢብራሂም ሊሄዱ ሲነሡ ተከተልኋቸው።

"አንቺ የት ነሽ? ተመለሺ!" አሉኝ መምህር።

"እናንተ ሽማግሌዎቹን ታናግራላችሁ። አንጓችን ማን ያናግራታል?"

ጋሽ ኢብራሂም፣ "እውነቷን ነው፣ ትምጣ" አሉ።

ደርሰን ስናይ፣ ከግቢው በር ላይ ከወይራ ሥር ነጫጭ የለበሱ ሽማግሎች ተቀምጠዋል። ተነሥተው ተቀበሉን፤ "ኖር! ኖር! በእግዜር!" ተባባልን። የክፉ ሰዎች ቤት አይመስልም ነበር። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። መምህር ጌታሁን ቆመው፣ "ልጅቷ ተማሪዬ ናት። በአደራ ነው ያመጣኋት። ስጡኝና ልሂድ" አሉ።

አንድ ሽማግሌ፣ "ተቀመጥ ልጄ" አሏቸው፤ "ቤተ ዘመዶቿ ዘንድ ሰው ልከናል። አባቷ ይመጣሉ፣ እግራቸው ላይ እንወድቃለን። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።" ከዚያ ወደ ቤት ጮኸው አንድ ነገር አስመጡ። ባለ አበባው ጨርቅ ነበር፤ ጭቃው ታጥቦ፣ በልክ ታጥፎ። በሁለት እጃቸው ለጋሽ ኢብራሂም ዘረጉላቸው። "የርስዎ ንብረት ነው አሉን። የሰው ዕቃ ቤታችን አይቀርም፣ ነውር ነው። ይውሰዱት።"

"ዕቃዬን ወሰደው" ብዬ ቢቸና ላይ ስጮኽ እንዴት እንደተሳቀ ትዝ አለኝ። ይኸው ዕቃው ተመለሰ።

ጋሽ ኢብራሂም እጃቸውን አልዘረጉም። "እኔ ጨርቅ ፍለጋ አልመጣሁም" አሉ። "ጨርቁ ለእናንተ ይሁን። ልጅቷን አምጡልኝ።"

"እሷማ" አሉ ሽማግሌው፣ ጨርቁን እንደዘረጉ፣ "እሷማ የቤት ሰው ሆናለች።"

ንግግሩ ሲረዝም ቀስ ብዬ ወደ ጓሮ ዞርሁ። የቤቱ ግድግዳ ጭቃው የረገፈበት ቦታ ነበረው፤ አፌን አስጠግቼ "አንጓች" አልሁ።

"ይታዩ?" አለች፣ እንደ ወትሮዋ አቆላምጣ።

"እኔ ነኝ። ደህና ነሽ?" ሌላ የሚጠየቅ ነገር ጠፋኝ።

"ሙላት መስሎኝ እኮ ነው" አለች። "ከኋላ ሲይዘኝ፣ 'ቶሎ መጣህ' አልሁት። ሳቅሁ። እኔም ሳቅሁ፣ ይታዩ።"

"ጮኼ ነበር" አልኋት። "በእመቤታችን ጮኼ ነበር።"

"ሰምቼሻለሁ። ሳቁንም ሰምቻለሁ። በቅሎው ላይ ሆኜ ከባሕር ዛፉ እስክናልፍ ይሰማኝ ነበር። እሱም ይሰማ ነበር። 'አላልኋችሁም?' ይላቸዋል ለጓደኞቹ። ቢቸና ላይ ቴአትሩን ስናሳይ ከሰው መሀል ቁጭ ብሎ አይቶን ኖሯል። የት ላይ እንደሚሳቅ ያውቅ ነበር።"

ከውስጥ የሴት ድምፅ ጠራት። ከመሄዷ በፊት በቀዳዳው ጣቷን አወጣች፤ ይዤ ሳምሁት። ከንፈሬ ላይ ቀርቶ የነበረው የበግ ጠጉር ነካትና፣ "ጢምሽን አላወለቅሽም እንዴ?" አለችኝ። ሊስቅ ነበር ድምፅዋ። ግን አልሳቀችም።

ሰኞ ዕለት አባቷና ወንድሞቿ ጠመንጃ ይዘው መጡ። ሽማግሎቹ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው እግራቸው ላይ ወደቁ። መምህር እንዳሉት ሁሉም አንድ ቦታ ተሰበሰበ፤ የተደበቀም ነገር አልቀረም፤ ማን እንደወሰዳት፣ ማን እንደረዳው፣ ሁሉም እዚያው ተነገረ። አባቷ ጠመንጃቸውን ተደግፈው አለቀሱ። "እምቢ ብል የወንድሞቿ ደም ይፈሳል፤ ብወስዳትስ ማን ያገባታል?" አሉ። እሺ አሉ። ልጅቷን ጠርቶ ምን ትያለሽ ያላት የለም።

እኛ በዚያው የጭነት መኪና ተመለስን። ጆንያው ላይ አቧራ የሚሸጥልን አልነበረም። መምህር ጌታሁን ክበቡን ዘጉት፤ ቴአትሩንም ሁለተኛ እንዳታነሡብኝ አሉ።

አንባቢዎቼ፣ እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የሆንሁትን ልንገራችሁ። ድምፄ ዓባይ ማዶ ይሰማል ሲባል አምን ነበር። ያን ቀን ግን ፊት ለፊቴ ለተቀመጠ ሰው አልተሰማም። ስለዚህ መጻፍ ጀመርሁ። መጀመሪያ ያለቀስሁትን ብቻ ጻፍሁ፣ እሱን ቀደድሁት። ቀጥሎ የተናደድሁትን ጻፍሁ፣ እሱንም ቀደድሁት። ከዚያ መደብሩን ራሱን እንደገና ጻፍሁት። ሳቅን አልጠላሁትም፤ እኔስ ሳቅ ከጠላሁ አንጓችን በምን አስታውሳታለሁ? በርበሬ ስንተኛው ፎቅ ላይ ነው የሚለው አለበት። አቧራ የምትሸጠው አለችበት። ቦርጫሙም፣ የጌታው ልጅም፣ ጢማሙ ተቆጣጣሪም አሉ። ጢሙን ዘንድሮም የምለጥፈው እኔ ነኝ።

አንድ ሕግ ብቻ ቀየርሁ። ሀብታሙ ልጅቷን ጠቅልሎ ሲያነሣ እኔ ጠረጴዛው ላይ ወጥቼ "ያዙት!" እላለሁ። ከዚያ ሁሉም ባለበት ይቆማል። የጌታው ልጅ አያስጥላትም። ከተመልካቹ መሀል አንድ ሰው ተነሥቶ "ተው!" እስኪል ድረስ ቴአትሩ አይቀጥልም። መምህር ጌታሁን ጽሑፉን አንብበው ሲጨርሱ፣ "ማንም ባይነሣስ?" አሉኝ። "እጠብቃለሁ" አልኋቸው። ለዲሬክተሩ የሰጡልኝ እሳቸው ናቸው።

አሁን ሁለተኛውን የምሥራች ልንገራችሁ። አንጓች አሁን የምትኖረው በሰውዬው ቤት፣ ከቢቸና ወጣ ባለው ቀበሌ ነው። ባለፈው ገበያ ቅቤ በምትሸጥ ሴት በኩል ስለ ቴአትሩ መልእክት ልኬላት ነበር፣ ቢፈቀድም ባይፈቀድም ትወቀው ብዬ። ዛሬ ከቢሮው ወጥቼ ስቦርቅ ያቺው ሴት በአጥሩ በኩል ጠራችኝና መልሱን ነገረችኝ። "ለይታይሽ በያት" ብላለች አንጓች፤ "ገበያ ብዬ እወጣለሁ። ልጄን አዝዬ እመጣለሁ። ማንም ባይነሣ እኔ እነሣለሁ።"

እንግዲህ ጠርቻችኋለሁ። በወላጆች ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ በቢቸና ትምህርት ቤት ሜዳ። የቢቸና ሰው ኑ፤ የሞጣም ሰው፣ በተለይ የሞጣ ሰው፣ ኑ። እስክትጠግቡ ሳቁ፣ ለዚያ ነው የጻፍሁት። ጢማሙ ሲጮኽ ግን አንጓችን አታስቀድሟት። ልጅ አዝላለች። እናንተ ቀድማችሁ ተነሡ።